አይቼ ያለፍኩት ኮሶ

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት መጀመሪያ የመጣው የእኔን ሥዕሎች ሊያይ ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው አሁንም ሳስበው የሚቆረቁረኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ አምቦ ውስጥ በአንድ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥተን፣ እዚሁ ባዮሎጂ ተምረን፣ እዚሁ ሥራ አግኝተን የቀረን ነን። እኔ በዩኒቨርሲቲው የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ክፍል ረዳት ሆንኩ፤ እሷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። ተማሪዎች ሳለን በዕፅዋት ምደባ ኮርስ እኔ ኤ አመጣሁ፣ እሷ ሲ። ይህን እስከ ዛሬ የማስታውሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የእኔ ሥራ ከጫካ የመጣውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሃል ዘርግቶ፣ በእንጨት መጫኛ ጠፍንጎ ማድረቅ ነው። ጋዜጣው እርጥበት እንዳይዝ በየቀኑ ይለወጣል። ሲደርቅ ወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፍና በቀኝ በኩል ታች ስሙ፣ የተገኘበት ቦታና ከፍታው ይጻፋል። ከሥራ በኋላ እነዚያኑ የደረቁትን ዕፅዋት በውሃ ቀለም እስላለሁ። ቅጠሉ ስንት ጥርስ እንዳለው ቆጥሬ ነው የምስለው። አበባ ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ ቀለሙን ከማስታወሻው አነባለሁ። «ሐምራዊ» ይላል፤ እኔም ሐምራዊ እቀባለሁ። ሥዕሎቼን ያዩ መምህራን ስህተት አግኝተውባቸው አያውቁም። ከዚህ ሌላ ስለ ሥዕሎቼ የተናገረ ሰውም አላስታውስም።

ታሮትን ወደ ክፍላችን ያመጣችው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ ወደ እኔ ዘረጋችው። ታሮት ፈረንጆች ዕድል የሚያነቡበት የካርታ ዓይነት ነው። ዋና ዋናዎቹ ሃያ ሁለት ናቸው፤ በእያንዳንዱ አናት ላይ ቁጥር፣ መሃሉ ላይ ሥዕል፣ ግርጌው ላይ ስም አለ። ጅሉ፣ ባሕታዊው፣ ፍቅረኞቹ፣ የተሰቀለው ሰው፣ ማማው፣ ኮከቡ፣ ጨረቃዋ እያለ ይቀጥላል። ዕድል ማንበቡ አልሳባትም። የሳባት እያንዳንዱ ካርታ አንድ ጠባይ ይዞ መቆሙ ነው። እነዚህ ሰዎች ተክል ቢሆኑ ኖሮ ባሕታዊው የትኛው ይሆን ነበር ብላ ጠየቀችኝ።

ሳላስብ «ጅብራ» አልኳት።

ጅብራ ደንዲ ተራራ ላይ ለብቻው ይቆማል። ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና አንድ ጊዜ፣ አንድ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል። ይህን ስነግራት ከአልጋዋ ተነስታ ተቀመጠች። የተሰቀለውስ አለች። በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረውን ተቀጽላ ነገርኳት። ጨረቃዋስ ስትል አስተናግር አልኩ፣ አበባው የሚከፈተው ሲመሽ ስለሆነ። ጅሉስ ስትል ገደል አፋፍ ላይ የሚበቅለውን ሬት። የቃል ፈተና ይመስል ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈተና እወዳለሁ። እሷ የተማሪዎቿ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁሉንም ጻፈች። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የልጆች ቀለም ገዝታ መሳል ጀመረች። የሚያስቀናኝ ሥዕሉ ብቻ አልነበረም፤ አሳሳሏም ነበር። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ከቆመው ተክል ላይ ትስላለች። ሰው ይከባታል፤ ምን እየሠራሽ ነው ይላታል፤ እሷም እየሳለች ትመልሳለች፣ ትስቃለች፣ አንዳንዴም አፋን ኦሮሞዋን ትሞክርባቸዋለች። እኔ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ቢያየኝ እጄ ይደርቃል። የደረቀ ተክል የምስለው ሥራዬ ስለሆነ ነው እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የደረቀ ተክል ዘንድ የሚመጣ ሰው ስለሌለም ነው።

የጅብራዋ ቅጠሎች አቀማመጣቸው ልክ አልነበረም። ነገር ግን ተክሉ ጀርባውን ለተመልካቹ የሰጠ ሽማግሌ ይመስል ነበር፤ ሰው ሲመጣበት ሰምቶ ዘወር ያለ። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔም ልሞክር ብዬ ማማውን ያዝኩ። መብረቅ የመታው ጥድ ላደርገው አሰብኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠርቼ ቀና ስል አንድ ጤነኛ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ከጎኑ መለኪያ መሥመር፣ በቀኝ በኩል ታች ደግሞ በእጄ የተጻፈ ከፍታ አየሁ። ወረቀቱን አጥፌ ከፍራሼ ስር ከተትኩት።

እያንዳንዱን ሥዕል ገና በእርሳስ እያለ ወደ እኔ ታመጣው ነበር። እርሚልኝ ትላለች። እኔም ቅጠሎቹ ተቃራኒ መሆን ሲገባቸው ተፈራርቀው የወጡበትን፣ አበባው ከማይወጣበት የወጣበትን በጥፍሬ አሳያታለሁ። ሳታጉረመርም ላጲስ ታነሳለች። «አንቺ ካየሽው ይበቃኛል» ትለኛለች። ያ ቃል ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንዴ እንዲያውም ያለ እኔ መቆም የማትችል ተቀጽላ እሷ ናት ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ ሥዕሉን እንደገና አየውና ያን ማሰብ አልችልም።

አከራያችን ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። ከእኛ ጋር ስታወራ አማርኛዋና ኦሮምኛዋ እየተቀላቀሉ ነው። አንድ ቀን ጎረቤት የሆነ ነገር ነግሯት መጥታ በራችን ላይ ቆመች።

«ኢንተላ ኮ፣ ቤቴ ውስጥ ጥንቆላ ገባ አሉኝ» አለቻት ጓደኛዬን፣ ልጄ ብላ።

«እማማ፣ ጅብራ ይጠነቁላል?»

«ጅብራማ ምን ያውቃል። ያው እንደ አንቺ ቆሞ መዋል ነው።»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ አከራያችን የሥዕሎቹ ወዳጅ ሆነች። በረንዳ ላይ እንዲደርቁ ሲቀመጡ ዶሮዎቹን የምታባርርላት እሷ ነበረች።

እንግዲህ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የመጣው በዚህ መሃል ነው። ለምግብ አዳራሹ ግድግዳ የአገራችን ዕፅዋት ሥዕል ፈልጎ፣ ሁሉም ከአንድ እጅ የወጡ እንዲሆኑ ፈልጎ፣ ከሥራ ቦታዬ ሰዎች ስሜን ሰጥተውት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥዕሎቼ ስመርጥ ቆየሁ። ስምንቱን መርጬ በፕላስቲክ ሸፍኜ አልጋዬ ላይ ደረደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ አከራያችን በሩ ላይ «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ» ብላ ተቀበለችውና ወደ እኛ አስገባችው።

ሥዕሎቼን አንድ በአንድ አየ። ጨዋ ሰው ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ እኩል ጊዜ ቆመ። በጣም ንጹሕ ነው አለ። የመማሪያ መጽሐፍ ይመስላል አለ። ከዚያ ዓይኑ መስኮቱ ስር ወደተደገፉት ሄደ።

«ይሄ ተክል ሰው አስቀይሞታል እንዴ?» አለኝ ጅብራውን እያየ፣ እየሳቀ።

ጓደኛዬ ውጭ ልብስ እያጠበች ነበር። የጓደኛዬ ነው ብዬ ብቻ መተው እችል ነበር። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ አንዱን ካንዱ እያነሳ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ታሮቱ፣ ስለ ባሕታዊው፣ ጨረቃዋ ለምን አስተናግር እንደሆነች ሁሉንም አስረዳሁት። ስለ ራሴ ሥዕሎች ያን ያህል አልተናገርኩም። ሳልጨርስ ሃያ ሁለቱንም እንደሚፈልጋቸው ነገረኝ።

እሷ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ገባች። ሲነግራት እኔን አየችኝና «እርስዎ እኮ የመጡት ለእሷ ነው» አለችው። ከዚያም የእኔን እንዲወስድ፣ የእሷ ገና ያላለቀ መሆኑን ልትነግረው ጀመረች። ብትዘልና ብትደሰት ይሻለኝ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ ያቋረጥኳት፤ የእሷ እንደሚሻል፣ እኔም ጊዜ እንደሌለኝ ተናገርኩ። ማንም አላስገደደኝም። እሱ ሲወጣ ስምንቱን ሥዕሎች ከአልጋዬ ላይ እያነሳሁ ፕላስቲካቸውን አስተካከልኩ።

በጥር የቀሩት ፍቅረኞቹ ብቻ ነበሩ። ለፍቅረኞቹ ኮሶን የመረጥኩት አሁንም እኔ ነበርኩ፤ ለሥራ ስሄድ አይቼው ስለነበር ጭልሞ ጫካ ውስጥ ኮሶ የሚያብብበትን ቦታ አውቅ ነበር። እስከ ግንጪ በሚኒባስ ሄደን ከዚያ በእግር ገባን። ኮሶ ወንዱና ሴቷ የተለያየ ዛፍ ነው። የሴቷ አበባ ቀይ፣ ወፍራም፣ ወደ ታች የሚንዠረገግ ነው፤ የወንዱ ሳሳ ያለና ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ። ሁለቱ በአንድ ዛፍ ላይ አይበቅሉም። እኛ ያየናቸው ሁለቱ ዛፎች መሃላቸው አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሞ ነበር። እሷ ሴቷን አንድ ገጽ ላይ፣ ወንዱን ሌላ ገጽ ላይ ነደፈች። ስንመለስ ያ ሳሳ ያለው ገና ያልበሰለው አበባ ነው አይደል አለችኝ። እኔ መንገድ ላይ የተጋረጠ ሥር እየተሻገርኩ ነበርና አልመለስኩላትም። ሥሩን ከተሻገርኩ በኋላም አልመለስኩላትም።

በማግሥቱ ንድፉን አመጣችልኝ። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለቱ አበቦች ተጠማዝዘው ወርደዋል፣ አንዱ የሌላውን አንገት እንደያዘ። እንዲህ ያለ ዛፍ በምድር ላይ የለም። እንዲህ ያለ ሥዕል ግን እኔ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። በጥፍሬ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ተከተልኩ።

«እህ?» አለችኝ።

«ቅጠሉ ጥሩ ነው» አልኳት።

ቅጠሉ እውነትም ጥሩ ነበር። ለዚህ ነው ቃሉን የመረጥኩት። በአዳራሹ ምርቃት ላይ የዕፅዋት ምደባ ያስተማረን መምህራችን እንደሚጋበዝ ከባለቤቱ ሰምቼ ነበር። መምህሩ ያየዋል ብዬ አላቀድኩም ብል ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሥዕሉን ባየሁበት ቅጽበት መጀመሪያ የመጣብኝ የእሱ መነጽር ነው።

ቀለም ተቀብቶ በረንዳ ላይ ሲደርቅ አከራያችን ዶሮ ስታባርር አየችው። ጓደኛዬ ሥራ ላይ ነበረች። ጠራችኝና በጣቷ አሳየችኝ። ኮሶን በኦሮምኛ ሄጦ ይሉታል።

«ሄጦ ወንዱና ሴቷ መቼ ነው አንድ ቤት የገቡት? ጎረቤታም እንጂ ባልና ሚስት አይደሉም። ንገሪያት፣ ኢንተላ ኮ።»

እነግራታለሁ አልኳት። ሥዕሉ በሁለት ቀን ደረቀ፣ ከሌሎቹ ጋር ተጠቅሎ ሄደ፣ እኔም አልነገርኳትም።

ምርቃቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችና ነጋዴዎች መጥተዋል። ሃያ ሁለቱ ሥዕሎች በመስታወት ተገጥመው፣ ከያንዳንዳቸው ስር የካርታው ስምና የተክሉ ስም ተጽፎ ተሰቅለዋል። አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያህል ወረቀት ደግሞ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። የእሷ ስም ከነአባቷ አለ። ከስሩ «ዕፅዋቱን አንድ በአንድ ያየችውና ያረመችው» ይልና የእኔ ስም ከነአባቴ ይከተላል። አልነገረችኝም ነበር። ልታስደስተኝ ፈልጋ ነው። ሰው እያለፈኝ እንደሚገባ ሳላስተውል ወረቀቱ ፊት ለፊት ቆሜ ቀረሁ።

መምህራችን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ሲያይ ቆየና ፍቅረኞቹ ጋ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ የጠራው እሷን ሳይሆን እኔን ነው።

«ይሄን አይተሽዋል?»

«አዎ» አልኩት።

«ኮሶ በአንድ ዛፍ ላይ ስንት ዓይነት አበባ ያወጣል?»

«አንድ።»

«ከአንቺስ ይሄን አልጠበቅኩም» አለ። አልተቆጣም፤ ማዘን ነው ያየሁበት። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ነበር። አሥራ ሁለት የምርጥ ተማሪ ሰርተፊኬት ያለኝ ሰው፣ ሰዎች በጥንቃቄዬ ብቻ የሚያውቁኝ፣ ያችን አንዷን ነገር በገዛ ስሜ ስር አጣኋት።

ያኔ ጓደኛዬ መጣች። ፊታችንን አይታ ነገሩ ገባት መሰለኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን፣ ይህችን አንዷን ሥዕል ስለ ቸኮለች ሳታሳየኝ እንዳስገባቻት ለመምህራችን ነገረችው። ዋሸችልኝ። እሱም እንግዲያው የመግቢያውን ወረቀት አስተካክይ ብሎ ፈገግ አለና፣ ለካርታው ስም ከሆነስ እነዚህ ሁለቱ ከስንት ዘመን በኋላ ተገናኙ ማለት ነው አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እስክንወጣ ድረስ ሰው የሚሰበሰበው እዚያች ሥዕል ፊት ነበር፤ ባለቤቱ ለእንግዳ ሁሉ በዓለም የሌለ ዛፍ ነው እያለ ያሳያት ነበር። እኔ ያሰብኩት ውርደት ለእሷ ጌጥ ሆነላት፣ ለእኔ ደግሞ እሷ ከለላ ሆነችኝ። በዚያ ሰዓት እንኳ ከምስጋና ይልቅ የተሰማኝ ቅናት ነው። እንዲህ በቀላሉ ቸር መሆን የሚችል ሰው መሆን ምን ይመስል ይሆን ብዬ ቀናሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ ገና ፀሐይ ነበር። ሳልጠይቅሽ ስምሽን ጽፌ አሳፈርኩሽ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ያመልጠዋል፣ አንቺም ሰው በመሆንሽ ደስ ብሎኛል አለች።

«አይቼው ነበር» አልኳት።

«ምኑን?»

«ኮሶውን። ገና በእርሳስ እያለ። እማማም ነግራኝ ነበር።»

ጥቂት እርምጃ ሄደች።

«ቅጠሉ ጥሩ ነው አልሽኝ» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ልታርሚኝ ነበር ያመጣሁልሽ።»

 ለምን ብላ እንድትጠይቀኝ ጠብቄ ነበር፤ መልሱን ስለምታውቀው ይሆናል ያልጠየቀችኝ። ለራት ልንገዛ ያሰብነውን ቲማቲም መንገድ ዳር ካሉት ሴቶች ገዛች፤ አንድ በአንድ እያገላበጠች መረጠች፣ ግማሹን በፌስታል ለእኔ አስያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። አብረን በላን፣ ስለ ውሃና ስለ መብራት አወራን። ሥዕሎቿን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙራ ማስቀመጥ ጀመረች። አልደበቀቻቸውም፤ ገልብጬ ማየት እችል ነበር። አልገለበጥኩም። «እርሚልኝ» የምትለውን ቃል ዳግመኛ አልሰማሁም። በክረምቱ ወደ እንጭኒ ዝውውር አግኝታ ሄደች። አከራያችን አለቀሰች። እኔ ሳጥኗን እስከ መነሐሪያ ተሸከምኩላት።

ባለፈው ዓመት በክረምት የአዳራሹ ጣሪያ አፍስሶ ኮከቡን አበላሸው። ባለቤቱ ደውሎላት ሌላ ሠርታ ከእንጭኒ በሚኒባስ ላከችለት። ሳይሰቅለው በፊት ግን ለእኔ ደወለ። የመምህሩን ነገር አልረሳም።

«እህቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽና አንዴ እይልኝ» አለኝ።

እሷ ይህን ታውቅ እንደሆነ ስጠይቀው አልነገርኳትም አለ።

ሥዕሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ኮከቡን ጤና አዳም አድርጋ ነበር የሣለችው፤ ትንንሽ ቢጫ አበቦች ጥቁር አረንጓዴ ላይ ተበትነው፣ ሰማይን ከላያችን ሳይሆን ከሥራችን የምናይ ያህል። ጤና አዳም ብዙ ሰው የማያስተውለው ጠባይ አለው። ከዘለላው መሃል ያለው የመጀመሪያው አበባ አምስት ቅጠል አለው፤ የሌሎቹ ሁሉ አራት አራት ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት በማጉያ መነጽር ነው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

መሃለኛውን ቆጠርኩ። አምስት። ሌሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ አራት፣ አራት፣ አራት። የአበባ ቅጠሎቹ ጠርዝ እንደ ዘርፍ የተበጣጠሰ ነው፤ እሱንም አድርጋዋለች። ከመጀመሪያ ጀምሬ እንደገና ቆጠርኩ፣ ይህን ያደረግኩት ለባለቤቱ ብዬ እንዳልሆነ እያወቅኩ። አንድ እንኳ ስህተት ፈለግኩ። እንጭኒ ውስጥ ሌላ የሚያርማት ሰው አግኝታለች፣ ወይም ራሷ መቁጠር ተምራለች። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለቱም እኩል አስቀኑኝ።

«ልክ ነው» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ደስ አለው። ሥዕሉን ፍሬሙ ውስጥ አስገብቶ፣ ሚስማርና መዶሻ አምጥቶ ወንበር ላይ ወጣና ካልከበደሽ ከስር ያዥልኝ አለኝ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ እያለ አስተካከለኝ። ፍሬሙን በሁለት እጄ ደግፌ፣ ፊቴ ከአበቦቹ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ሚስማሩ እስኪጠብቅ ድረስ ሳላዘነብለው ለጓደኛዬ ያዝኩላት።